የሊኑክስ ላፕቶፕ ባትሪ ቶሎ እንዳያልቅ፦ ከመለካት እስከ ማስተኛት

ሊኑክስ ባትሪ ይበላል የሚባለውን እኔም ለረጅም ጊዜ አምኜ ነበር። አንድ ምሽት ተበሳጭቼ ባትሪ ይቆጥባል የተባለ ፕሮግራም ያገኘሁትን በሙሉ ጫንኩ። ሦስት ነበሩ። በማግስቱ ማውሱን ለአፍታ ከተውኩት ይደርቃል። ዋይፋዩ ይንቀራፈፋል። ባትሪው ግን ያው በሦስት ሰዓት ያልቃል። ሁሉንም አራግፌ ከዜሮ ስጀምር ጥፋተኛው ብሮውዘሬ ውስጥ ተከፍቶ የተረሳ አንድ ገጽ ሆኖ ተገኘ። ማስታወቂያው ሳያቋርጥ ይንቀሳቀሳል፤ ፕሮሰሰሩም አብሮት ይለፋል። ገጹን ስዘጋው ፋኑም ዝም አለ።

ከዚያ ወዲህ የምከተለው አንድ መንገድ ብቻ ነው። መጀመሪያ እለካለሁ፤ አንድ ነገር ብቻ እቀይራለሁ፤ ከዚያ እንደገና እለካለሁ። ቁጥሩ ካልተነቃነቀ የቀየርኩትን እመልሳለሁ። ይህ መመሪያም የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ትእዛዞቹንና የፋይል ስሞቹን እንደሚነበቡ በኛው ፊደል ነው የጻፍኳቸው። ተርሚናል ላይ በላቲን ፊደል ትጽፏቸዋላችሁ። አጻጻፉ ካጠራጠራችሁ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ፊደላት ጻፉና ታብ የሚባለውን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ተጫኑ። ተርሚናሉ ራሱ ይሞላዋል፤ ወይም አማራጮቹን ይዘረዝርላችኋል።

ደረጃ 1፦ ስንት ዋት እንደምትበሉ እወቁ

ባትሪው የሚይዘው ጉልበት የሚለካው በዋት-ሰዓት ነው። ላፕቶፑ በየቅጽበቱ የሚበላው ደግሞ በዋት ይለካል። አንዱን ለሌላው ስታካፍሉ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ታገኛላችሁ። 50 ዋት-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ 10 ዋት ከሚበላ ላፕቶፕ ጋር 5 ሰዓት ይቆያል።

ከዚህ ስሌት ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ይወጣል። በዚያው ባትሪ ከ20 ዋት ወደ 19 ብትወርዱ የምታተርፉት 8 ደቂቃ ገደማ ነው። ከ6 ዋት ወደ 5 ብትወርዱ ግን 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ታተርፋላችሁ። በሁለቱም ጊዜ የቀነሰው አንድ ዋት ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ትልልቆቹን በላተኞች ማባረር ይሻላል። ጥቃቅኖቹ ዋጋ የሚኖራቸው ከዚያ በኋላ ነው።

ቻርጀሩን ንቀሉ። ተርሚናል ክፈቱና «ዩፓወር -ዲ» ብላችሁ አስገቡ። ረጅም ዝርዝር ይወጣል። ባትሪውን በሚመለከተው ክፍል ውስጥ ሦስት መስመሮችን ፈልጉ፦

- «ኢነርጂ-ሬት»፦ አሁን የምትበሉት ዋት።
- «ኢነርጂ-ፉል»፦ ባትሪው ዛሬ ሞልቶ የሚይዘው።
- «ኢነርጂ-ፉል-ዲዛይን»፦ አዲስ ሳለ ይይዝ የነበረው።

ሁለተኛውን ለሦስተኛው አካፍሉት። አዲስ ሳለ 50 ይይዝ የነበረ አሁን 38 ከሆነ፣ ባትሪው ከአቅሙ የቀረው 76 በመቶ ነው። የሄደውን ሩብ ያህል የትኛውም ሴቲንግ አይመልሰውም። ይህን ቀድሞ ማወቅ ከብዙ ልፋት ያድናል። ግማሹ ያለቀ ባትሪ ይዞ ሊኑክስን መርገም ፍርደ ገምድልነት ነው።

አሁን መነሻ ቁጥራችሁን ያዙ። የስክሪኑን ብርሃን መሃል ላይ አድርጉ። ሁልጊዜ የምትከፍቷቸውን ፕሮግራሞች ክፈቱ። አምስት ደቂቃ ሳትነኩት ተዉትና ዋቱን ወረቀት ላይ ጻፉ። ቁጥሩ ወዲያው ወዲያው ስለማይታደስ ሁለት ሦስት ጊዜ አንብቡት። ቀጭን የሆኑ አዳዲስ ላፕቶፖች ሥራ ፈትተው ሲቀመጡ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 7 ዋት ይበላሉ። እናንተ ምንም ሳትሠሩ 15 ካያችሁ የሆነ ነገር ነቅቶ ተቀምጧል ማለት ነው።

ማን እንደነቃ የሚነግራችሁ ፓወርቶፕ ነው። ኢንቴል በ2007 ያወጣው ፕሮግራም ነው፤ ከየትኛውም የሊኑክስ ስርጭት (እንደ ኡቡንቱና ፌዶራ ያለ የሊኑክስ ዓይነት) ማከማቻ፣ ማለትም ፕሮግራሞቹ ከሚወርዱበት ቦታ፣ ታገኙታላችሁ። ጫኑትና «ሱዶ ፓወርቶፕ» ብላችሁ አስነሱት (ሱዶ ትእዛዙን በአስተዳዳሪ ሥልጣን ያስኬደዋል)። የመጀመሪያው ገጽ የትኛው ፕሮግራም ፕሮሰሰሩን በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚቀሰቅሰው ያሳያል። ፕሮሰሰር ባትሪ የሚቆጥበው በጥልቅ ሲተኛ ነው። በሰከንድ መቶ ጊዜ የሚቀሰቀስ ሰው እንቅልፍ እንደማያገኝ ሁሉ እሱም አያገኝም። ከላይ የተሰለፈው ስም ብሮውዘር ከሆነ የተከፈቱትን ገጾች አንድ በአንድ እየዘጋችሁ ቁጥሩን ተመልከቱ። የኔ ማስታወቂያ የተያዘው እንዲህ ነው።

በታብ ቁልፍ ወደ «ቱነብልስ» ገጽ ብትሄዱ ከእያንዳንዱ መሣሪያ ጎን «ጉድ» ወይም «ባድ» የሚል ቃል ታያላችሁ። እዚህ ጋ «ጉድ» ጥሩ ማለት ነው፤ የኛው ጉድ የሚመጣው ሁሉንም በአንዴ «ጉድ» ያደረጋችሁ ቀን ነው። ፓወርቶፕ «ኦቶ-ቱን» የሚል አማራጭ አለው። በአንድ ትእዛዝ ሁሉንም ይቀይርላችኋል። የዩኤስቢ ማውስና ኪቦርድንም ጭምር ያስተኛል። የኔ ማውስ የደረቀው በዚህ ነው። ደግነቱ ለውጡ ሪስታርት ስታደርጉ ይጠፋል። ስለዚህ ፓወርቶፕን ለመለኪያ እንጂ ለማስተካከያ አልጠቀምበትም።

ደረጃ 2፦ ስክሪኑ

ይህ ቀላሉና ትልቁ ነው። በቀላል ሥራ ላይ ከሁሉ በላይ የሚበላው ብዙ ጊዜ ስክሪኑ ነው። ብርሃኑን ዓይናችሁ እስከተመቸው ድረስ አውርዱና ለኩ። ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

ስክሪናችሁ 120 ወይም 144 ኸርዝ ከሆነ በባትሪ ስትሠሩ ወደ 60 አውርዱት። ሴቲንግ ውስጥ «ዲስፕሌይስ» በሚለው ሥር ታገኙታላችሁ። ጥቁር ገጽታ ባትሪ ይቆጥባል የሚባለው እውነት የሚሆነው ኦሌድ ስክሪን ላይ ብቻ ነው። ኤልሲዲ ላይ ከኋላ ያለው መብራት ምስሉ ጥቁር ሆነ ነጭ ያው ይበራል። ስክሪኑ በሁለት ሦስት ደቂቃ እንዲጠፋ አድርጉ። የኪቦርዱን መብራትም አጥፉት።

ደረጃ 3፦ አንድ አስተዳዳሪ ምረጡ

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም። የባትሪ አስተዳዳሪ ፕሮግራሞችም እንዲሁ ናቸው። አንዱ የጻፈውን ሌላው ይሰርዛል፤ የትኛው ሴቲንግ እየሠራ እንደሆነ እናንተም እነሱም አታውቁም።

አብዛኛው ሰው የሚያስፈልገው ቀድሞም ተጭኖለታል። በጂኖምም ሆነ በኬዲኢ ፕላዝማ (ሁለቱም የሊኑክስ ዴስክቶፖች ናቸው) ላይ የባትሪውን ምልክት ስትነኩ ሦስት ምርጫዎች ይመጣሉ፦ ቆጣቢ፣ ሚዛናዊና ፈጣን። ከጀርባ ሆኖ ይህን የሚሠራው በብዙ ስርጭቶች ላይ ፓወር-ፕሮፋይልስ-ዴመን ይባላል። ፌዶራ ከ41ኛው እትም ጀምሮ በቦታው ቱንድ የሚባለውን አስገብቷል፤ ምርጫዎቹ ግን እዚያው ናቸው። ቻርጀር ስትነቅሉ «ቆጣቢ» የሚለውን ንኩና ለኩ። ቁጥሩ ካስደሰታችሁ ይህን ደረጃ እዚህ ጋ ጨርሳችኋል፤ ወደ ቪዲዮው እለፉ። ላፕቶፓችሁ አዲስ ከሆነ እኔም የምመክረው ይህንኑ ነው።

ዝርዝሩን በእጃቸው መያዝ ለሚፈልጉ ቲኤልፒ አለ። በተለይ ቆየት ባሉ ላፕቶፖች ላይ ጥሩ ይሠራል። አገባቡ እንዲህ ነው፦

1. ከስርጭታችሁ ማከማቻ «ቲኤልፒ» የሚለውን ጫኑ።
2. ነባሩን አስተዳዳሪ ዝጉ፦ «ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ማስክ ፓወር-ፕሮፋይልስ-ዴመን»። ፌዶራ ላይ ከሆናችሁ የቱንድን ጥቅሎች አራግፉ።
3. «ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ኢነብል ቲኤልፒ» በሉና «ሱዶ ቲኤልፒ ስታርት» አስከትሉ።
4. «ሱዶ ቲኤልፒ-ስታት -ኤስ» ብላችሁ መሥራቱን አረጋግጡ። ከሌላ አስተዳዳሪ ጋር ከተጋጨ ማስጠንቀቂያውን እዚሁ ታነቡታላችሁ።

ከዚህ በኋላ የባትሪው ምልክት ሥር የነበሩት ሦስት ምርጫዎች ሊጠፉ ይችላሉ። አትደንግጡ፤ ያጠፋችሁት እናንተ ናችሁ።

የቲኤልፒ ሴቲንጎች የሚቀመጡት «/ኢቲሲ/ቲኤልፒ.ኮንፍ» በሚባል ፋይል ውስጥ ነው። ፋይሉ ረጅም ነው፤ ግን አብዛኛውን መንካት አያስፈልግም። ሲጫን ይዞት የሚመጣው ለብዙ ሰው በቂ ነው። ስማቸው በ«ኦን_ባት» የሚያልቁት መስመሮች በባትሪ ስትሠሩ፣ በ«ኦን_ኤሲ» የሚያልቁት ቻርጀር ሲሰካ ይሠራሉ። ሴቲንጉ እንዲሠራ ከመስመሩ መጀመሪያ ላይ ያለውን የፓውንድ ምልክት (#) ማጥፋት አለባችሁ። እኔ የምነካው ሁለቱን ብቻ ነው።

አንደኛው «ሲፒዩ_ኢነርጂ_ፐርፍ_ፖሊሲ_ኦን_ባት» ነው። ፕሮሰሰሩ በፍጥነትና በቁጠባ መካከል ወደ የትኛው እንዲያደላ ይነግረዋል። «ባላንስ_ፓወር» መካከለኛ ቁጠባ ነው፤ «ፓወር» ደግሞ የመጨረሻው ቁጠባ።

ሁለተኛው «ሲፒዩ_ቡስት_ኦን_ባት» ነው። 0 ስታደርጉት ፕሮሰሰሩ ከመደበኛ ፍጥነቱ በላይ እንዳይሮጥ ይከለከላል። በኔ ላፕቶፕ ላይ ከሁሉም በላይ ለውጥ ያመጣው ይሄ ነው፤ ፋኑም ከዚያ ወዲህ እምብዛም አይሰማም። ምክንያቱ ቀላል ፊዚክስ ነው። ፕሮሰሰሩ የመጨረሻውን ፍጥነት ለማግኘት ተጨማሪ ቮልቴጅ ይፈልጋል። የሚበላው ጉልበት ደግሞ ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ያድጋል። ስለዚህ የመጨረሻዋ ትንሽ ፍጥነት ከሁሉ ውድ ናት። ከባድ ነገር ኮምፓይል የምታደርጉ ከሆነ መዘግየቱ ይሰማችኋል። ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ግን ልዩነቱን አታስተውሉትም።

ታዲያ ፍጥነቱን እስከ መጨረሻው ብናወርደውስ? ይህ አያዋጣም። ሥራው ሲንቀራፈፍ ፕሮሰሰሩ የሚተኛበት ጊዜ ይዘገያል፤ ስክሪኑና ሜሞሪውም በዚያ ሁሉ ጊዜ እየበሉ ይጠብቁታል። ቶሎ ሠርቶ ቶሎ መተኛት ይሻላል። እግረ መንገዴን፣ አዳዲስ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ላይ ገቨርነሩ (የፕሮሰሰሩን ፍጥነት የሚወስነው ክፍል) «ፓወርሴቭ» ነው የሚል ካያችሁ አትደናገጡ። ስሙ ከድሮው ጋር አንድ ቢሆንም እንደ ድሮው ዝቅተኛው ፍጥነት ላይ አይቸነክረውም፤ እንደ ሥራው ክብደት ከፍና ዝቅ ያደርገዋል።

ለውጡን ስታስቀምጡ «ሱዶ ቲኤልፒ ስታርት» ደግማችሁ አስኬዱ። ከዚያ ለኩ።

ደረጃ 4፦ ቪዲዮ

ቪዲዮ ስታዩ ፋኑ የሚጮህ ከሆነ ቪዲዮውን እየፈታ ያለው ፕሮሰሰሩ ነው ማለት ነው። ለዚህ ሥራ ተብሎ የተሠራ ክፍል ግራፊክስ ቺፑ ውስጥ አለ፤ በጣም ባነሰ ጉልበት ይሠራዋል። ፋየርፎክስ በሊኑክስ ላይ ለኢንቴል ግራፊክስ ይህን በራሱ ማብራት የጀመረው በሐምሌ 2023 በፈረንጆች አቆጣጠር በወጣው 115ኛ እትሙ ነው።

«ቪኤኢንፎ» የሚባለውን ትእዛዝ ጫኑና አስኬዱት። የቪዲዮ ዓይነቶች ዝርዝር ከወጣ ድራይቨሩ (ሊኑክስ ቺፑን የሚያዝበት ፕሮግራም) አለ። ስህተት ካሳየ የጎደለውን ጫኑ። ከአሥር ዓመት ወዲህ ለወጡት የኢንቴል ቺፖች «ኢንቴል ሚዲያ ድራይቨር» የሚባለው ነው። ለኤኤምዲ ሜሳ ከሚባለው የግራፊክስ ፕሮግራሞች ስብስብ ጋር ይመጣል፤ ፌዶራ ግን በፓተንት ምክንያት ኤች.264 የሚባለውን የቪዲዮ ዓይነት ከ2022 ጀምሮ ከራሱ ሜሳ ላይ አውጥቶታል። ሙሉውን ከአርፒኤም ፊውዥን ማከማቻ ታገኙታላችሁ።

ደረጃ 5፦ ሁለት ግራፊክስ ያለው ላፕቶፕ

የኤንቪዲያ ካርድ ከሌላችሁ ይህን ዝለሉት። ካላችሁ ግን ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ከዚህ ጀምሩ። ሥራ ሳይኖረው ነቅቶ የተቀመጠ ካርድ ብቻውን ብዙ ዋት ይበላል፤ ከላይ ያደረግነውን ቁጠባ በሙሉ ይውጠዋል።

ኡቡንቱ ላይ «ሱዶ ፕራይም-ሰሌክት ኦን-ዲማንድ» ካርዱ በተፈለገ ጊዜ ብቻ እንዲነሳ ያደርጋል። በ2018 በወጣው ቱሪንግ በሚባለው ትውልድና ከዚያ በኋላ በመጡት ካርዶች ላይ ጥሩ ይሠራል። እነሱ ሥራ ሲያጡ ራሳቸውን እስከማጥፋት ይደርሳሉ። ከዚያ ለሚቀድሙት «ሱዶ ፕራይም-ሰሌክት ኢንቴል» ብላችሁ ጭራሽ ብታጠፉት ይሻላል፤ ሪስታርት ይፈልጋል።

አንድ ወጥመድ አለ። ካርዱ ተኝቶ እንደሆነ ለማየት «ኤንቪዲያ-ኤስኤምአይ» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ጥያቄው ራሱ ይቀሰቅሰዋል። ተኝተሃል ወይ ብሎ እንደ መጠየቅ ነው። ይልቅ ከመነሻ ቁጥራችሁ ጋር አወዳድሩ። ካርዱ ሲተኛ ዋቱ በግልጽ ይወርዳል።

ደረጃ 6፦ ክዳኑ ሲዘጋ

ማታ 80 በመቶ ላይ ዘግታችሁት ጠዋት 50 ሆኖ ካገኛችሁት፣ ወይም ቦርሳ ውስጥ ሞቆ ከጠበቃችሁ፣ ችግሩ ያለው እንቅልፉ ላይ ነው።

የላፕቶፕ እንቅልፍ ሁለት ዓይነት ነው። በጥልቁ እንቅልፍ ከሜሞሪ በቀር ሁሉም ነገር ይጠፋል። በቀላሉ እንቅልፍ ደግሞ ሁሉም እንደበራ በዝቅተኛ ጉልበት ያንቀላፋል። ቀላሉ ቶሎ ይነሳል፤ ግን አንድ የሚያስቸግር መሣሪያ ሙሉ ሌሊት ሊያበላሸው ይችላል። የትኛው ላይ እንዳላችሁ ለማወቅ «ካት /ሲስ/ፓወር/ሜም_ስሊፕ» በሉ። «ኤስ2አይድል» ቀላሉ ነው፤ «ዲፕ» ጥልቁ። በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ያለው አሁን የሚሠራው ነው።

ሁለቱም ካሉና ቅንፉ ያለው ቀላሉ ላይ ከሆነ ጥልቁን ሞክሩ፦

1. «/ኢቲሲ/ዲፎልት/ግረብ» የሚለውን ፋይል በሱዶ ክፈቱ።
2. «ግረብ_ሲኤምዲላይን_ሊኑክስ_ዲፎልት» በሚለው መስመር ላይ፣ ትእምርተ ጥቅሱ ከመዘጋቱ በፊት፣ አንድ ክፍት ቦታ ተዉና «ሜም_ስሊፕ_ዲፎልት=ዲፕ» ጨምሩ።
3. ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ «ሱዶ አፕዴት-ግረብ» በሉና ሪስታርት አድርጉ።
4. ሥራችሁን ሴቭ አድርጉ። ከዚያ ክዳኑን ዘግታችሁ ክፈቱ። አንዳንድ ማሽን ከጥልቁ እንቅልፍ አልነሳም ይላል። ያ ከሆነ የጨመራችሁትን መልሱ።

ዝርዝሩ ላይ ቀላሉ ብቻ ካለ፣ ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች እንዲህ ናቸው፣ መፍትሔው ሀይበርኔት ነው። ሜሞሪው ላይ ያለውን ሁሉ ዲስክ ላይ ጽፎ ማሽኑ ይጠፋል። ይህ ግን ቅድመ ሁኔታ አለው። ዲስክ ላይ ሜሞሪውን መያዝ የሚችል ስዋፕ፣ ማለትም ለሜሞሪው ትርፍ የሚሆን ቦታ፣ ያስፈልጋል። ፌዶራ ሲጫን አብሮት የሚመጣው ዜድራም የሚባለው ስዋፕ የተቀመጠው ሜሞሪው ላይ ራሱ ስለሆነ አያገለግልም። ሴኪዩር ቡት (ማሽኑ ሲነሳ ያልተፈቀደ ሶፍትዌር የሚያግደው ጥበቃ) ከበራም ከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት፣ ብዙ ጊዜ ሀይበርኔትን ይከለክላል። እነዚህ ከተሟሉ «/ኢቲሲ/ሲስተምዲ/ሎጂንድ.ኮንፍ» ውስጥ «ሃንድል-ሊድ-ስዊች» የሚለውን (ፋይሉ ላይ ያለ ሰረዝ ተያይዞ ነው የሚጻፈው) «ሰስፔንድ-ዜን-ሀይበርኔት» አድርጉት። መጀመሪያ ይተኛል፤ ቆይቶ ራሱ ወደ ሀይበርኔት ያልፋል። ለኔ ከሁሉም የሚስማማኝ ይሄ ነው።

ደረጃ 7፦ ባትሪው ራሱ እንዳያረጅ

የሊቲየም ባትሪን በፍጥነት የሚያስረጁት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ሙቀትና ሁልጊዜ 100 በመቶ ሞልቶ መቆየት። ላፕቶፓችሁ ቀኑን ሙሉ ቻርጀር ላይ የሚውል ከሆነ 80 ላይ እንዲቆም አድርጉት።

ጂኖም ከ48ኛው እትም ጀምሮ ይህን በሴቲንግ ውስጥ አስገብቶታል፤ ኬዲኢ ፕላዝማም የቻርጅ ገደብ አለው። አማራጩ የሚታየው ላፕቶፑ ከፈቀደ ብቻ ነው። በቲኤልፒ ከሆነ «ስታርት_ቻርጅ_ትሬሽ_ባት0» የሚለውን 75፣ «ስቶፕ_ቻርጅ_ትሬሽ_ባት0» የሚለውን 80 አድርጉ። ቲንክፓድ ሁለቱንም ይቀበላል። ሁለተኛውን ብቻ የሚቀበሉ፣ ወይም አምራቹ የወሰነውን አንድ ቁጥር ብቻ የሚያውቁም አሉ። የናንተ ምን እንደሚቀበል «ሱዶ ቲኤልፒ-ስታት -ቢ» ይነግራችኋል።

መንገድ ስትወጡና ሙሉ ባትሪ ስትፈልጉ ሴቲንጉን ማጥፋት አያስፈልግም። ቻርጀሩ እንደተሰካ «ሱዶ ቲኤልፒ ፉልቻርጅ» በሉት፤ ለአንድ ጊዜ እስከ 100 ይሞላል። ሪስታርት ስታደርጉ ገደቡ ተመልሶ ቦታው ላይ ይቀመጣል።